ወይዘሮ ሄድቪግ በገዛ አፋቸው

ይድረስ ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ያ የወደቡ ነፋስ በመስኮትሽ ስንጥቅ እየገባ ሲያፏጭብሽ እዚህ ተራራ ሥር ሆኜ ይሰማኛል፤ የሱፍ ካልሲሽን አድርጊ። ድመትሽስ አሁንም ጎረቤት እየሄደች ሁለተኛ ቁርስ ትበላለች? እኔ ደኅና ነኝ። «ደኅና ነኝ» የምትለዋን ቃል እንደ ሁልጊዜሽ በአፍንጫሽ ተንፍሰሽ እንደምታልፊያት ስለማውቅ፣ ዛሬ አንድም ሳላስቀር ልጽፍልሽ ነው። ሻይሽን ቅጂና ተቀመጪ።

ከፋሲካ ጀምሮ ተኳርፈን ከረምን። ሰው ስለ አንቺ ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶባት ነው» እላለሁ፤ ጡረታ መውጣትሽን ያስታወሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ያን ቀን ጠረጴዛዬ ዘንድ ተቀምጠሽ አሲድ ያጠፋል የተባለውን የአልካላይን ሶዳ ዱቄቴን ቆርቆሮ አነሣሽ፣ አሸተትሽና «በዚህ የሚድን ካንሰር ቢኖር ኖሮ የኩሽናሽ ማጠቢያ ዘላለም በኖረ ነበር» አልሽኝ። እኔም «ከቤቴ ውጪልኝ» አልኩሽ። በበግ ቅርጽ የጋገርኩትን የፋሲካ ኬክ እንኳ ሳትቆርሺ በማታው ባቡር ሄድሽ። የበጉን ጭንቅላት ለአንቺ አስቀርቼልሽ ነበር፤ ሲደርቅ ለወፎች ሰጠሁት።

ጡቴ ውስጥ የተገኘውን ዕጢ ሐኪሞቹ «ቶሎ እናውጣው» ሲሉ ለምን እንቢ እንዳልኩ ከማንም በላይ አንቺ ታውቂያለሽ። እናታችን በእግሯ ሄዳ ገብታ ከቀዶ ጥገናው አልጋ ሳትነሣ ቀረች። አንቺ በዚያ ምክንያት የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ ሆንሽ። እኔ በዚያው ምክንያት የሆስፒታል ሽታ ሲሸተኝ ከደጁ የምመለስ ሰው ሆንኩ። ከአንድ ማሕፀን ወጥተን እንዲህ መለያየታችን ይገርመኛል። ካንሰር መሆኑን የነገረኝ ሐኪም ደግሞ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ አዙሮ ነበር የነገረኝ፤ ጎበዝ ሐኪም ሊሆን ይችላል፣ የጆሮውን ቅርጽ ግን ከፊቱ ይልቅ አስታውሰዋለሁ። ወይዘሮ ሄድቪግ እጄን ይዘው ከሰዓት እስኪመሽ አዳመጡኝ። ታዲያ ወዴት ልሂድ?

አንቺ በስም ብቻ ነው የምታውቂያቸው፤ በስምም ስትጠሪያቸው «ያቺ የሶዳ ጠንቋይ» ነበር የምትያቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ መስኮቱ ሁሉ በቀይ ጌራኒየም አበባ በተሞላው ቤት የሚኖሩት የተፈጥሮ ሕክምና ባለሙያ ናቸው። ዕድሜያቸው ሰባን አልፏል። ሐሙስ ሐሙስ ሰዎቻቸውን ይሰበስባሉ። ትምህርታቸው ይህ ነበር፤ ሰውነት በሥጋ፣ በአይብ፣ በቡናና በጭንቀት አሲድ ይበዛበታል፤ በሽታም፣ ካንሰርም ጭምር፣ አሲድ ባለበት ይሰፍራል። ስለዚህ ዱቄቱን በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ በሶዳ ውኃ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ማታ ደግሞ በዚያው ውኃ የራሰ ረጅም ካልሲ አድርጎ መተኛት ነው። ሳቂ፤ እኔም ያን ካልሲ ሳደርግ እስቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሽንታችንን በመመርመሪያ ወረቀት እናያለን። ወረቀቱ ቢጫ ከሆነ አሲድ ነሽ፤ ሰማያዊ ከሆነ ተሳክቶልሻል። ሰማያዊውን ሳይ የፈተና ውጤት እንደተቀበለች ተማሪ ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ በአይብ አገር አይብ መከልከል ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ። አይብ ሠሪው ሎታር እንኳ ለሪህ በሽታው ብሎ ገብቶ፣ የሠራውን ሳይቀምስ እየሸጠ ሐሙስ ሐሙስ እያለቃቀሰ ይመጣ ነበር።

ወይዘሮ ሄድቪግ «ሆስፒታል አትሂጂ» ብለውኝ አያውቁም። «ሂጂ» ብለውኝም አያውቁም። ይህችን ነገር ያዢልኝ።

በሰኔ ወር አንድ የኩላሊት ሐኪም ከዩኒቨርሲቲው መጥቶ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ንግግር አደረገ። ዶክተር ዮርን ሃርምስ ይባላል። እንደ እናንተ የሰሜን ወደብ ሰዎች ቃል በሚዛን የሚያወጣ፣ ረጅም፣ ብስክሌት የማይለየው ሰው ነው። የአልካላይን ሕክምና በሚባለው ላይ ማስረጃ አልተገኘም ብሎ ሲጨርስ ወይዘሮ ሄድቪግ ከፊት ወንበር ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ሞክረኸዋል?» አሉት።

«አልሞከርኩትም» አለ።

«ያልቀመስከውን ሾርባ ጨው የለውም ትላለህ?»

ሰው ሳቀ። ዶክተሩ ግን አልተናደደም። ትንሽ አሰበና «ልክ ነዎት፤ ይፍቀዱልኝና ልቅመሰው» አላቸው። እኔ እንዲህ የሚል የተማረ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። እሳቸውም ወዲያው ወደ ቢራ ቤቱ ይዘውት ሄዱ፤ እኛም ተከተልን።

እዚያ ነው ውሉ የተጻፈው፤ የቢራ ብርጭቆ በሚቀመጥበት ካርቶን ላይ። አባታችን ከአጎታችን ጋር የግጦሹን መሬት የተካፈለው እንዲህ ባለ ካርቶን ላይ አልነበር? በሕግ ፊት ከተፈረመው ይከብራል። ሃርምስ «ከመጀመራችን በፊት ሁለታችንም የምንሸነፍበትን እንጻፍ፤ አለዚያ በኋላ ሁላችንም አሸናፊ እንሆናለን» አለ። ተጻፈ። ዱቄቱ የሚጠጡትን ሰዎች የደም አሲድነት ከለወጠ፣ ዶክተር ሃርምስ መሳሳቱን በዚሁ አዳራሽ በገዛ አፉ ይናገራል። ሽንታቸው ብቻ ተለውጦ ደማቸው ካልተለወጠ፣ ወይዘሮ ሄድቪግ ለሰዎቻቸው በገዛ አፋቸው ይናገራሉ። ሁለቱም ፈረሙ፣ ካርቶኑም ከቢራ ቤቱ ባንኮኒ በላይ ተሰቀለ።

ሙከራው የተደረገው በበጋው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ሐሙሶች ነው። የሐሙስ ሰዎቻችን አንዱን ሳምንት እውነተኛውን ዱቄት፣ ሌላውን ሳምንት መልኩም ጣዕሙም እሱን የሚመስል ማስመሰያ ይጠጣሉ። የትኛው የቱ እንደሆነ የሚጠጡትም፣ ወይዘሮ ሄድቪግም፣ ሃርምስም አያውቁም፤ የሚያውቅ ያሸገው ባልደረባው ብቻ ነው። ሽንታቸውን በጽዋ ያመጣሉ፣ ክንዳቸውን ይሰጣሉ። ክንዳቸውን መጀመሪያ የሰጡት ራሳቸው ወይዘሮ ሄድቪግ ነበሩ። ሁልጊዜ ቀኙን ነበር የሚሰጡት፤ ሃርምስ አንድ ቀን የቀኙ ደም ሥር አልገኝ ብሎት ግራውን ቢጠይቃቸው «ግራው አይሆንም» ብለው ሻላቸውን ሰበሰቡ። በዚያ ሙቀት ሻል።

ሎታር አይብ ሠሪ ነውና ሳይቀምስ አያልፍም። የመመርመሪያ ወረቀቱ ለጊዜው ተከልክሎ ሳለ ቤቱ በደበቀው ሽንቱን መርምሮ መጣና «የዚህ ሳምንቱ እውነተኛው ነው!» ብሎ አወጀ።

«አቶ ሎታር» አለው ሃርምስ፣ «አይብዎ ሳይበስል ሰው ገብቶ ቢቆርስብዎ ምን ያደርጋሉ?»

«እጁን እቆርጠዋለሁ!»

«እንግዲያው እጅዎን አልቆርጥም፤ ውጤትዎን ግን አልቆጥርም።» አልቆጠረለትምም። ሎታር አንድ ሳምንት አኮረፈ።

እኔንስ? እኔን ገና ከመጀመሪያው አላስገባኝም። ዕጢ እንዳለብኝና እንዳላስወጣሁት ሲሰማ እርሳሱን አስቀመጠ። «እርስዎ ለዚህ ሙከራ ብለው አንድ ቀን እንኳ እንዲዘገዩ አልፈልግም። ነገ ሆስፒታል ይሂዱ» አለኝ። ተናደድኩ፤ ተንቄ የተባረርኩ መሰለኝ። አልሄድኩም። እልኬን ታውቂዋለሽ፣ ከአንቺ ነው የተማርኩት። ጽዋ የማጥበውና ፋሻ የማቀብለው እኔ ሆንኩ፤ ዱቄቴንም ቤቴ መጠጣቴን ቀጠልኩ።

አሁን የምጽፍልሽን ለማንም አልተናገርኩትም። ወረቀቴ በየጠዋቱ ሰማያዊ ነበር፤ እንደዚያ በጋ ሰማያዊ ሆኖ አያውቅም። ያ ነገር ግን በበረዶው ወራት በጣቴ ስዳስሰው አተር ያክል ነበር፤ በሰኔ ወይን ፍሬ አከለ፤ በነሐሴ ከዚያም በለጠ። በአንድ እጄ ሰማያዊውን ወረቀት ይዤ በሌላው እዳስሰዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን አያለሁ፣ ጣቴን ግን አላምነውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው፤ አውቅ ነበር እኮ፣ እህቴ። ፈርቼ ነበር።

በመስከረም መጨረሻ፣ ላሞቹ አበባና ቃጭል ታስሮላቸው ከተራራው በወረዱበት ሳምንት፣ ሃርምስ ውጤቱን ይዞ መጣ። እሽጉን በፊታችን ከፈተ። በእውነተኛው ዱቄት ሳምንት የሁሉም ሽንት ተለውጧል። ደማቸው ግን በሁለቱም ሳምንት ያው ነው።

ሎታር «ሽንታችን ከተለወጠ ታዲያ እኛም ተለውጠናል ማለት አይደል?» አለ።

ሃርምስ ወደ ጎረቤቴ ዞረ፤ ያቺን የሰዉን የቆሻሻ ቅርጫት እየከፈተች ፕላስቲክ ከወረቀት ተደባለቀ ብላ የምትጮኸውን ታውቂያታለሽ። «በቅርጫቱ ውስጥ የሚያዩት ቤቱ ያስቀረውን ነው ወይስ የጣለውን?» አላት። «የጣለውን ነዋ!» አለች በኩራት። «ሽንትም እንደዚያ ነው» አለ። «ሳንባና ኩላሊት የደምን አሲድነት ቀን ከሌት ይጠብቁታል፤ ብዙ ቢዛባ እዚህ ተቀምጠን አናወራም ነበር። የጠጣችሁትን ትርፍ ኩላሊታችሁ ለቅሞ አወጣው። ሰማያዊው ወረቀት ሰውነታችሁ ተለወጠ አይልም። አልለወጥም አለ ነው የሚለው።»

እኔ ጽዋ ይዤ ቆሜ ነበር። ያ ሁሉ ጠዋት፣ ያ ሁሉ ሰማያዊ በዓይኔ ላይ መጣብኝ። የተደሰትኩበት ሁሉ ሰውነቴ አልፈልግም ብሎ የጣለው ነበር።

ወይዘሮ ሄድቪግ እንደ ወትሯቸው ቆመው ሳይሆን ተቀምጠው ነበር የሚያዳምጡት። «ካንሰሩስ?» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «መጽሐፎቼ በዕጢ ዙሪያ አሲድ አለ ይላሉ።»

«መጽሐፎችዎ አልዋሹም፤ አለ» አለ ሃርምስ። «ግን አሲዱን የሚያወጣው ዕጢው ራሱ ነው። ቤት ሲቃጠል እሳቱን ትቶ ጭሱን እንደማራገብ ይሆናል። ደግሞም ደማችሁን መለወጥ ያልቻለ ዱቄት እዚያ ድረስ ሄዶ ምን ይሠራል? የእኔ ሙከራ ትንሽ ናት፤ ስለ ደም ብቻ ነው የምትናገረው፣ ከዚያ በላይ አላናግራትም። የሌሎችን ጥናት ግን ስፈልግ ከርሜአለሁ። በዚህ መንገድ ሰው ከካንሰር መዳኑን የሚያሳይ የተረጋገጠ ነገር አላገኘሁም። ባገኝ ደስታዬ ነበር።» ከዚያ ትንሽ አፍሮ «አትክልቱን ግን ብሉ፤ እሱ ጥሩ ነው» አለ።

አሁን ማየት የነበረብሽን ልንገርሽ። ወይዘሮ ሄድቪግ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ሃርምስ «ዛሬ የግድ አይደለም፤ ጊዜ ይውሰዱ» ቢላቸው እጃቸውን አነሡበት።

«ቃል ገብቻለሁ» አሉ። «በገዛ አፌ እናገራለሁ። ተሳስቻለሁ። ከሰውነት የወጣውን ይዤ የሰውነት ነው እያልኩ ሠላሳ ዓመት አስተማርኳችሁ። አንድ ሌላም አለ፤ እሱ ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም። ሆስፒታል አትሂዱ ብዬ አላውቅም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖርኩ። እውነት ነው፣ አላልኩም። ሂዱም ግን አላልኩም። ዝም ያልኩት ሰው እኔን ትቶ እንዳይሄድ ነው። ዛሬ እላለሁ፤ ሂዱ።» ይህን ሲሉ ዓይናቸው የነበረው እኔ ላይ ነው።

ሎታር እንደ ተማሪ እጁን አወጣና «እንግዲያው አይቤን መብላት እችላለሁ?» አለ። ወይዘሮ ሄድቪግ እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ፤ እኛም ሳቅን፤ ማን እየሳቀ ማን እያለቀሰ እንደነበር አላውቅም። «አንተ እንኳ ለሪህህ ሐኪምህን ጠይቅ፤ እኔን አትጠይቀኝ» አሉት።

ሃርምስ ባሸናፊነት አልተንጠራራም፤ ተነሥቶ ከእኔ ጋር ጽዋ ማጠብ ጀመረ። «ስንት ትልልቅ ፕሮፌሰሮች አውቃለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፤ «እንዲህ በገዛ አፉ የተናገረ ግን አላየሁም።» በኋላ በመስኮት ሳይ ሁለቱ ብስክሌቱ አጠገብ ቆመዋል። እሳቸው አንድ ነገር ጠየቁት። እሱ የያዘውን ሣጥን መሬት አስቀመጠና ሁለት እጃቸውን ያዘ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብዙ ቆዩ።

ወይዘሮ ሄድቪግ በማግስቱ የሕክምናቸውን ሰሌዳ ከበራቸው በመፍቻ ፈትተው አነሡ። ከዚያ በየቤቱ ዞሩ። የማይመጡትን፣ የቀሩትን፣ ሌላ መንደር የሄዱትን ሳይቀር እየፈለጉ ያንኑ ቃል ተናገሩ። አንዲት ሴት በሩን ፊታቸው ላይ ዘጋችው አሉ፤ ከበሩ ማዶ ቆመው ተናግረው ሄዱ። አንቺ ጠንቋይ ያልሻቸው ሴት ይህቺ ናት። እኔ በዕድሜዬ ሐውልት የተሠራላቸውን ሰዎች አይቻለሁ፤ ከእሳቸው የሚበልጥ ግን አላየሁም።

ወደ እኔ የመጡት መጨረሻ ላይ ነው። የጌራኒየሞቻቸውን ሣጥኖች በሎታር ጋሪ አስጭነው መጡ። ገና ውርጭ አልጣለም፤ ደግሞ በየዓመቱ ወደ ምድር ቤታቸው የሚያወርዱት ራሳቸው ነበሩ። «አንቺ ዘንድ ይክረሙ» አሉኝ። «በክረምት ውኃ አታብዢባቸው፤ በጸደይ ደግሞ አሳጥረሽ ቁረጫቸው፤ አትዘኚላቸው፣ ሲቆረጡ ነው የሚያብቡት።» ሻይ ሳቀርብላቸው አየኋቸው። ቀሚሳቸው ከትከሻቸው ወርዶ ሰፍቷቸዋል፤ የግራ እጅጌው ብቻ ጠቧቸዋል፣ ስፌቱ ተወጥሮ። ጽዋውን በቀኝ እጃቸው ብቻ አነሡ።

አንቺ የሙያው ሰው ነሽ፤ የጡት ካንሰር ብብት ሲደርስ እጅን ምን እንደሚያደርግ ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ፤ እኔ ያየሁትን ብቻ ነው የጻፍኩልሽ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ጉንጬን ዳሰሱኝ። «ልጄ፣ አንቺ ገና ጊዜ አለሽ» አሉኝ። «ፍርሃትሽን አውቀዋለሁ። ፍርሃት መሆኑን ሳላውቅ ሃይማኖት አድርጌው ነበር። በቃ፣ ሂጂ።»

ሄድኩ። በእግሬ ነው የሄድኩት፤ ሽታው ሲሸተኝ ግድግዳ ይዤ ቆሜ እንደገና ሄድኩ። እንደገና ራጅ አነሡኝ። አድጓል፤ ግን ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ነገር አላዩም፣ «አሁንም ማውጣት እንችላለን» አሉኝ። የምታወጣው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነው ያናገረችኝ። ቀዶ ጥገናው በኅዳር መግቢያ ከሚውለው ከቅዱሳን ሁሉ በዓል በኋላ ባለው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

እህቴ፣ አፈር ስሆን ነይ። ስነቃ መጀመሪያ የማየው የአንቺን ፊት ይሁን፤ ካልነቃሁም እጄን የያዝሽው አንቺ ሁኚ። ያን የፋሲካ ነገር አናንሣው፤ ብታነሺውም ግድ የለም፣ ልክ ነበርሽ። ዱቄቱን አልጣልኩትም፤ የኩሽናውን ማጠቢያ እያጠብኩበት ነው። በጣም ያበራል። ዘላለም ይኑር።

ሐሙስ ሐሙስ አሁንም እንሰበሰባለን። አትክልት እንቀቅላለን፣ በቀዝቃዛው ወንዝ ውስጥ እግራችንን ነክረን እንጮኻለን፣ ሎታርም አይብ ያመጣል። ወይዘሮ ሄድቪግ ማክሰኞ አብረውሽ ከክፍሉ ውጭ ሊጠብቁ ይፈልጋሉ፤ «ያቺን ልክ የነበረች እህትሽን አስተዋውቂኝ» ብለውኛል። እንግዲህ ሁለታችሁ አንድ ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ በዚያ በነርስ ዓይንሽ እጃቸውን አትመልከቺ። ስለ ጌራኒየሞቹ ጠይቂያቸው። በጸደይ እንዴት እንደሚቆረጡ ደጋግመው ይንገሩሽ፤ አንቺም ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሰማሽ ሁነሽ አዳምጫቸው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ በሰላም አገናኝቶ የበጉን ጭንቅላት በመጪው ፋሲካ ለመካፈል ያብቃን።

የምትወድሽና የምትጠብቅሽ
ታናሽ እህትሽ